አዲስ ቅዳም እገባለሁ

ይህ የደረሰብኝ በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። እንጅባራ ውስጥ አነስተኛ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ነገሩን ስለሚያውቁት ዛሬም ድረስ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «እስኪ ያችን የቅዳሟን ንገሪን» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን የማልነግራቸው አንድ ነገር አለ። ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። ስማችንን ቀይሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው። እሱ እንደሆነ ስለ ሞተር ካልተጻፈ በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

ባለቤቴ ደሳለኝ ወታደር ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ትግራይ ውስጥ፣ ከመቀሌ ራቅ ብሎ ነበር የሰፈረው። መካኒክ ስለሆነ እጁ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም። እዚያ እያለ አንዲት የተጣለች ሞተር ሳይክል ከአንድ መምህር ገዝቶ፣ በእረፍቱ ሰዓት እየፈታ እየገጠመ ነፍስ ዘራባት። ቀይ ቀለም ቀባትና «ዳማ» ብሎ ስም አወጣላት። የአባቱ ፈረስ ቀይ፣ ዳማ የሚሉት ዓይነት ነበር። እኛ አካባቢ ፈረስ የሚወድ ሰው ሞተርም ሲገዛ ፈረስነቱን አይተውም።

በስልክ ሲያገኘኝ ከእኔ ጤንነት ቀጥሎ የሚያወራልኝ ስለ እሷ ነው። ዳማ ዛሬ አሳለች፣ ለዳማ ጎማ ቀየርሁላት፣ ዳማ ዳገቱን እንዲህ አደረገችው ይለኛል። አንዳንዴ በላዬ ላይ ያገባብኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልጠላኋትም። የተከራየው ቤትና ካምፑ ስለሚራራቁ ያለ እሷ በእግሩ ነበር የሚንከራተተው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ልጃችን ማኅደር ተወለደች። አባቷ ለፋሲካ ፈቃድ መጥቶ በሄደ በዘጠኝ ወሩ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ አላገኘም። ፎቶዋን እንኳ በደንብ አላየም፤ የእሱ ስልክ ወድቃ ተሰብራ በጓደኛ ስልክ ነበር የሚደውልልኝ። ድምፅዋን አሰሚኝ እያለ ይለምነኛል። እኔም ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋለሁ። ጠዋት ማታ እንደ ወፍ የምትንጫጫ ልጅ ስልክ ሲቀርባት አፏን ትዘጋለች።

ግንቦት ውስጥ አንድ ማታ ደወለና ክፍላቸው ለሰላም ማስከበር ወደ ሱዳን ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። ከዓመት በላይ ይቆያሉ። የሚበሩት ከአዲስ አበባ ነው የሚል ወሬ እንዳለ፣ ቁርጡ ሲታወቅ ልጅቱን ይዤ እዚያ ድረስ እንድመጣለት፣ ሳያያት እንደማይሄድ ነገረኝ። እሺ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀም መሰለኝ ወዲያው ስለ ዳማ ማውራት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ ሰፈሩን ሲለቅ የግል ንብረት የሚቀመጥበት ቦታ የለም። የተከራየውን ቤትም ይለቃል። ሽጣት ብለው ዝም አለኝ። የደሳለኝን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት አይደለም። ትንሽ ቆይቶ አባቱ ቤት እንደሚያስቀምጣት፣ ወደ እኛ አገር የሚመጣ የጭነት መኪና እያፈላለገ መሆኑን ነገረኝ።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ ቅዳም ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሚኒባስ ቅርባችን ናት። የከሰል አገር ስለሆነች አይሱዙ ከየአገሩ እየመጣ ከሰል ይጭንባታል። ደሳለኝ የተወለደው ከዚያች ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፤ አባቱ ዛሬም እዚያው ናቸው።

እና ደሳለኝ በሕይወቱ «አዲስ ቅዳም» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ቅዳም ነው የሚላት። ቅዳም ወረድሁ፣ ከቅዳም መጣሁ ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ቅዳሜንም ደግሞ እኛ አገር ቅዳም ነው የምንለው። አማቴ፣ የደሳለኝ አባት፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ «ቅዳም ቅዳም ነኝ» ይላሉ፤ ቅዳሜ ቀን ቅዳም ከተማ ነኝ ማለታቸው ነው። እንግዳ ሰው ይስቃል፣ እኛ ግን ተምታቶብን አያውቅም ነበር። አዲስ ካልን ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ሌላ አዲስ የለንም።

ሐሙስ ጠዋት የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር እያጠብኩ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ደሳለኝ ነኝ። ፈቃድ ሰጡኝ። ዳማን በአይሱዙ ጭኜ ተነስቻለሁ። አዲስ ቅዳም እገባለሁ። ልጅቱን ይዘሽ ቶሎ ነይ።»

ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ። ጮክ ብዬ ለቤቱ ሁሉ አነበብኩት። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፣ ደንበኞች ነበሩ፤ ሁሉም እልል አሉ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ከገባ ዓርብ መነሳት አለብሽ ተባባልን። ከዚያ ሁሉ ሴት ውስጥ አንዲት እንኳ «ቅዳምን ማለቱ ቢሆንስ» ያለች የለችም። ዛሬ ብትጠይቋቸው ሁሉም «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ይሏችኋል።

እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ሞተሯን አዲስ አበባ ምን ያደርግላታል? ግን መልሱን ራሴ አገኘሁለት። ከመቀሌ የሚመጣ መኪና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎጃም በሚመጣ ሌላ መኪና ሊልካት ይሆናል አልኩ። ሰው የፈለገውን ነገር ሲሰማ ለጥያቄውም መልስ አያጣም።

ለማንኛውም ብዬ በቁጥሩ ደወልኩ። ዝግ ነው። ማታ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ስልኩ የሾፌሩ ነበር። ባትሪው የደከመ ስለሆነ መኪና ሲነዳ ይዘጋዋል።

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ልጄን አዝዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐሙስ ያጠብኩት የልጅ ልብስ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ነበር፤ እትዬ ጥሩነሽን ሲደርቅ አንሱልኝ ብዬ ነው የሄድኩት። መንገዱ ረጅም ነው። ማኅደር ደጀን ድረስ አለቀሰች፤ በስልኬ ዘፈን ስከፍትላት ዝም ትላለች፣ ስዘጋው ታለቅሳለች። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ስልኬ ሞተ። ግድ የለም፣ አክስቴ ቤት እሞላዋለሁ አልኩ።

አክስቴ ኮተቤ ነው የምትኖረው። እዚያ ስደርስ ሰፈሩ ጨለማ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የአክስቴም ስልክ ከእኔ ቀድሞ ሞቷል። ጎረቤት ሁሉ እንደዚያው ነበር። አልጨነቀኝም። እንዲያውም ኮተቤ መሆኔ ዕድል ነው አልኩ፤ በደሴ መንገድ የሚመጣ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። በሻማ ብርሃን ውኃ አሙቄ ልጄን አጠብኳት። ቅባት ቀባኋት። ለክርስትናዋ የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ አውጥቼ ለጠዋት አዘጋጀሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ዋናው አስፋልት ዳር ቆምኩ። አይሱዙ ባየሁ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ጠጋ እላለሁ። ሸራ የለበሰውን አጮልቄ አያለሁ፣ ክፍት የሆነውን ቀይ ነገር እፈልግበታለሁ። አንዱ የበርበሬ ከረጢት ጭኗል፣ አንዱ ፍየል፣ አንዱ ባዶ ነው። ጋቢና ውስጥ ወታደር የሚመስል ሰው ሳይ እጄን አነሳለሁ። አንድ ሁለት ሾፌር ትራንስፖርት የምፈልግ መስሏቸው ቆሙልኝ።

ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ የማኅደር ቀሚስ በላብ ራሰ። አክስቴ መጥታ አጠገቤ ቆማ «አንች ልጅ፣ መንገዱ እኮ አንድ ብቻ አይደለም፤ አልፎሽ ቢሆንስ» አለችኝ።  ከመንገዱ ማዶ የጄኔሬተር ድምፅ ሰማሁ። ፀጉር ቤት ነው። ተሻግሬ ገባሁና ባለቤቷን ስልኬን እንድሞላ ለመንኳት። የማታውቀኝ ሴት ናት፤ ልጄን ከጀርባዬ አውርዳ ትራስ ላይ አስተኛችልኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ስልኬን ራሷ ሰካችው።

እስኪሞላ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንዲት ደንበኛ ተራ ስትጠብቅ ሹሩባሽን ልጀምርልሽ ብዬ ጀመርኩላት። ስልኩ ነፍስ ሲዘራ ግማሽ ራስ ሠርቻለሁ። አንድ እጄን ፀጉሯ ውስጥ እንደተውኩ በሌላው ደወልኩ። ጠራ።

«ሄሎ» አለ የሾፌሩ ጎርናና ድምፅ። የሞተር ጩኸት ይሰማል፤ መንገድ ላይ ናቸው። ያን ቀን ግን ደሳለኝ ለምኖት ስልኩን አልዘጋውም ነበር።

የደሳለኝ ባለቤት መሆኔን ነግሬው የት እንደደረሱ ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ ሞተሩን እኮ ትናንት አዲስ ቅዳም አውርደነዋል» አለኝ።

ትናንት ዓርብ ነው። ሰውየው ቀን ጠፍቶበታል አልኩ በልቤ። «ወንድሜ፣ ቅዳም ዛሬ ነው» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ቅዳም ዛሬ ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አዲስ ቆሜ እየጠበቅኋችሁ ነው። የት ሰፈር ነው ያወረዳችሁት?»

«አዲስ ቅዳም ነው የምልሽ።»

«እሱማ ገባኝ፤ አዲስ የት? መገናኛ ነው? አውቶቡስ ተራ ነው?»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞረዋል። ሰውየው ትዕግሥቱ አለቀ መሰለኝ ቃል በቃል አድርጎ ተናገረ። «እህቴ፣ ከሰል የሚጫንበት አዲስ ቅዳም። ፋግታ። ትናንት አወረድነው፣ ጭነን ዛሬ ጠዋት ተመለስን።»

ፋግታ የሚለውን የአዲስ ቅዳምን ወረዳ ስም ስሰማ እጄ ከሴትዮዋ ፀጉር ውስጥ ወጣ። ቅዳምን ማለቱ ነው፤ ከእንጅባራ በሚኒባስ የምደርስባትን ከተማ። ባሌ እዚያ ነበር። እኔ ኮተቤ ነኝ።

ሾፌሩ በትግርኛ የሆነ ነገር ተናገረና ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠው።

«የት ነሽ?» አለኝ ደሳለኝ።

«አዲስ አበባ።»

 «ቤት ድረስ መጥቼ ነበር» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «እትዬ ጥሩነሽ ነገሩኝ። ሌሊቱን በሰው ስልክ ስንደውልልሽ ነበር።»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ብዙ ነገር ነበር። እወድሃለሁ ማለት፣ በሰላም ተመለስ ማለት ነበረብኝ። የወጣኝ ግን ንዴት ነው። አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው አዲስ ቅዳም ብለህ የምታውቀው፣ ቅዳም አትልም ነበር ወይ፣ ቅዳም ብትለኝ እኮ በሩጫ እደርስ ነበር እያልኩ ጮህኩበት።

«እንዳትሳሳች ብዬ ነው ሙሉ ስሙን የጻፍሁት» አለኝ።

 ለጥንቃቄ ብሎ ነው። ቅዳም ብቻ ብል ቀኑን ማለቴ ይመስላታል ብሎ፣ በዕድሜው ጠርቶት የማያውቀውን ስም አስቦ ጻፈልኝ።

አይመለሱም ወይ አልኩት። ፈቃዱ እሑድ ማታ ያበቃል፤ በአየር የሚሄዱትም ከዚያው ከመቀሌ መሆኑ ቁርጡ ታውቋል። አዲስ አበባ የሚባል ነገር የለም። ደብረ ታቦርን አልፈው ዳገቱን እየወጡ ስለሆነ ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሚችል ነገረኝና «ልጅቱን አሰሚኝ» አለኝ።

ማኅደር ነቅታ ትራሱ ላይ እግሯን ታወራጫለች። ከደቂቃ በፊት ለብቻዋ ስታወራ ነበር። ስልኩን አፏ ላይ አደረግኩላት። አየችውና ዝም አለች። «ማኅዲ፣ አባ ነው፣ በይ አንድ ነገር በይ» አልኳት። ዝም። ከስልኩ ውስጥ «ማኅደር፣ ማኅደርዬ» የሚል የአባቷ ድምፅ ይሰማል። እሷ ዓይኗን አፍጥጣ ታዳምጣለች እንጂ ትንፍሽ አላለችም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያጨበጭቡላታል፣ ያፏጩላታል። ሲጨንቀኝ ጭኗን ቆንጠጥ አደረግኳት።

ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ያውም ቤቱን እስክታናጋው። እኔ ግን ከመቆንጠጤ በፊት ስልኩ ድው የሚል ድምፅ አሰምቶ ነበር። ሳየው መስመሩ ተቋርጧል።

ከዚያ በኋላ የደወልኩትን አልቆጥረውም። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ትለኛለች የቴሌዋ ሴትዮ። እሷን እንኳ ተቆጥቻታለሁ። መቀሌ ልሂድ አልኩ፤ አክስቴ «አራስ ልጅ ይዘሽ በየትኛው እግርሽ፣ ብትደርሽስ ካምፕ ማን ያስገባሻል?» አለችኝ። ልክ ናት። በየትም በኩል ባስበው የምይዘው ነገር አልነበረም። የእኔ ባል አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ በየደቂቃው እየራቀኝ ይሄዳል፤ እኔ ልጄን ነጭ ቀሚስ አልብሼ አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። የማን ጥፋት ነው ብዬ የምጣላው ሰው እንኳ አላገኘሁም። ባለ ፀጉር ቤቷ ምን እንደሆንኩ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አቅፋኝ አለቀሰች። ለደንበኛዋ የጀመርኩትን ሹሩባ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት።

እሑድ እንጅባራ ተመለስኩ። ዝናብ ነበር፤ ጉሙ ከደጅ ያለውን ሰው አያሳይም። እትዬ ጥሩነሽ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩኝ።

ደሳለኝ ዓርብ ቀትር ላይ አዲስ ቅዳም ደርሶ ዳማን ካወረደ በኋላ ከሚኒባስ መውረጃው ቆሞ ጠበቀኝ። ከእንጅባራ የመጣ ሚኒባስ በተከፈተ ቁጥር ያያል። እኔ ኮተቤ እንዳደረግኩት መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ቀድሞኛል። ስቀርበት ዳማን አስነስቶ እንጅባራ መጣ። ቤቱ ተቆልፏል። እትዬ ጥሩነሽ ልቅሶ ቤት ውለው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኙት።

«ልብሱን ሁሉ አንስቶታል» አሉኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የልጅቱን ልብስ ከገመዱ ላይ ለቅሞ፣ እያንዳንዱን አጣጥፎ፣ ወታደር እንደሚያጣጥፈው ጠርዙን እኩል አድርጎ ደርድሮታል። ይህች እጀ ጠባብ ታክላታለች ወይ፣ ይህን ያህል ናት ወይ እያለ በስንዝሩ እየለካ ይጠይቃቸው ነበር። ከዚያ እኔ አዲስ አበባ ልቀበለው መሄዴን ነገሩት። መልእክቱን ምን ብሎ እንደጻፈው አስታውሶ ለራሱ ደጋግሞ አነበነበው። «አዲስ ቅዳም፣ አዲስ ቅዳም» አለና ራሱን ያዘ። ሲመሽ ሞተሩን አስነስቶ በዝናቡ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። በማለዳ አይሱዙው ይነሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱዳን መግባቱን ሰማሁ።

ዳማ አማቴ ጋ ቀረች። የሞተው ፈረሳቸው የነበረበት በረት ውስጥ አቆሟት፤ የፈረሱን ግላስ አለበሷት። ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቁና በአዊኛ ያጉረመርማሉ። እኔ ስላልገባኝ ምን አሉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ፈረስ ቢሆን አበላው ነበር፤ ይች አትበላ፣ አትጠጣ፣ ዝም ብላ ታየኛለች ነው ያልሁት» አሉኝ። እንዲያ እያሉ በየጠዋቱ አቧራዋን የሚጠርጉላት እሳቸው ናቸው።

እሑድ እሑድ ማኅደርን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ የምናደርገው ስለሌለ ዳማ ላይ እናስቀምጣታለን። መሪውን ትይዛለች፣ መስተዋቱ ውስጥ ራሷን አይታ ትስቃለች። እኔ «የአባ ናት፣ የአባ» እላታለሁ። አማቴም እንደዚያው። አፏን ስትፈታ «አባ» የሚለውን ቀድማ አወቀች። ደስ አለኝ፤ ለደሳለኝም በስልክ ነገርኩት። በሩቅ አገር ስልክ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ትንሽ ቆይቶ ሳቁን ሰማሁት።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ከመስቀል በኋላ መጣ። አባቱ ቤት ነበር የጠበቅነው፤ በግ ታርዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በሩ ላይ ታየ። ማኅደርን አቅፌ «ማኅዲ፣ አባ መጣ፣ አባ ያውልሽ» አልኳት።

ልጅቱ ከእቅፌ ወርዳ መሮጥ ጀመረች። ሰው ሁሉ እልል አለ። ደሳለኝ ሻንጣውን ጥሎ ተንበረከከና እጁን ዘረጋ። እሷ በአጠገቡ አልፋ በረቱ ጋ ደረሰች፤ ዳማን መታ መታ እያደረገች «አባ፣ አባ» አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ለምን እንደማንመጣ በዓይኗ ትጠይቀን ጀመር።

ሰዉ ሳቀ። ደሳለኝም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲቆይብኝ ተከትዬ ሄድኩ። ውኃው አጠገቡ አለ፣ ፊቱ ግን አልታጠበም።  

ብዙ ቀን አልቀረበችውም። እሱም አላስገደዳትም። በረቱ ውስጥ ገብቶ ዳማን ይፈታል፣ ይገጥማል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ሞተሯን እንዳይጎዳባት ትጠብቃለች። አንድ ቀን ቁልፍ አቀብዪኝ አላት፣ አቀበለችው። እንዲያ እንዲያ እያለ ነው የተላመዱት።

አሁን ማኅደር ተማሪ ናት። ዳማ ላይ ከኋላው ተቀምጣ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። በበረቱ ታሪክ እሷም ትስቃለች። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባን በሙሉ ስሟ እንጂ አዲስ ብቻ ብዬ አልጠራትም። ደሳለኝ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ቅዳሜን ቅዳሜ ማለት ጀምሯል።

የማልነግረው ነገር ይህ ነው። ደሳለኝ ሰው ሲሰበሰብና ይህ ወሬ ሲነሳ አንድ የሚላት ነገር አለችው። ባለፈው ለክርስትና ተጠርተን የሄድንበት ቤትም ተናገራት። «ልጄን ሳላያት ብሄድም ድምፅዋን ሰምቻለሁ» አለ። «ስልኩ ሊቋረጥ ሲል አለቀሰች። ያን ልቅሶ ነው ዓመቱን ሙሉ በጆሮዬ ይዤው የኖርሁ። አንችም ሰምተሻታል አይደል?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ስትጮህ ስልኩ ዝም ካለ ቆይቶ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምን ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም፤ የሾፌሩን ፍሬን ይሁን፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሁን።

«አዎ፣ አልቅሳለች» አልኩት።